ለባለ አንድ ቀንዱ የተቀመጠች ልጅ

መስከረም ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፫

የኔታ እጄ እንዲፈታ በየቀኑ ጻፍ ብለውኛል። አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት ልጅ ከመቀበሉ በፊት የእጅ ጽሕፈቱን ያያል አሉ። «ምን ልጻፍ?» ብላቸው «የዋልክበትን» አሉኝ።

ዛሬ የዋልኩት መቃብር ላይ ነው። እማማ ድንጋዩን አቅፋ አልነሣም ስላለች አባባ «አንተ ጎትታት» አለኝ፤ ጎተትኳት።

እህቴ ሸዋወርቅ የሞተችው በዘመን መለወጫ ሳምንት ነው። በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። አባባ የባላምባራስ አብተው ጸሐፊ ስለሆነ ያን ሰሞን መልካሳ ወዳለው እርሻቸው ሁለታችንንም ይዞን ወርዶ ነበር። እማማ አልነበረችም፤ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ሞጆ ሄዳ ነበር። ተጠርታ ስትመጣ አባባ «አዋሽ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አውሬ ወጋት» አላት። ለሰውም ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

መስከረም ፲፬

ወሬው ከእርሻው ሎሌዎች ወጥቷል። ዳዊት ስንደግም ባጫ ከኋላዬ ተጠግቶ «ሙሉአለም፣ አማችህ ደኅና ነው?» አለኝ።

«የምን አማች?»

«ቀንዳሙ ነዋ! ሠርጉን ሳትጠራን!»

ልጆቹ ሳቃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀበሩት። የኔታ ሰምተዋል፤ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቀጥሉ» አሉ።

ስንወጣ የጎጆው ግድግዳ ላይ በከሰል ሥሎት አየሁ። ልጅቱ ተቀምጣለች፤ ራሷ ላይ የሙሽራ ዘውድ አለ፤ አውሬው ራሱን ጭኗ ላይ ጥሏል። አንዱ ልጅ አዝኖልኝ ሊያጠፋው ሣር ይነጭ ነበር። እኔ ከሰሉን አነሣሁና ቀንዱን አስተካከልኩት። ባጫ እንደ በሬ ቀንድ አጉብጦት ነበር። ቀንዱ ቀጥ ያለ ነው። እኔ አይቼዋለሁ።

መስከረም ፲፭

ተረቱ የኔታ ዘንድ አንድ አሮጌ ብራና ላይ ተጽፏል፤ ሥዕልም አለው። ባለ አንድ ቀንዱን አውሬ በጦርም በፈረስም የሚይዘው የለም። ድንግል ልጅ ብቻዋን ሜዳ ላይ ስትቀመጥ ግን በገዛ እግሩ ይመጣል፤ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጎ ይተኛል። ያን ጊዜ ይይዙታል።

በሰኔ ባላምባራስ መልካሳ ቆላ ውስጥ ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ታየ ብለው መጡ። ሰው ሁሉ «አንድ ቀንዱ የተሰበረ ሳላ ነው» አለ። ሳላ የበቅሎ ቁመት ያለው የቆላ አውሬ ነው፤ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀንዶቹ እንደ ጦር የቆሙ ናቸው። የኔታ ግን «አንድ ቀንድ ካለው ባለ አንድ ቀንድ ነው፤ ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?» አሉና ብራናውን ገልጠው አሳዩዋቸው። ባላምባራስ አውሬውን በሕይወቱ አስይዘው ለዘውዱ በዓል ቢያቀርቡ ግራዝማች እንደሚባሉ ያን ቀን ወሰኑ።

ለሸዋወርቅ ተረቱን የነገሯት የኔታ አይደሉም። ሴት ልጅ የኔታ ቤት አትማርም። ከአንድ ሰው ሰምታው ይሆናል። ልጆች ተረት ከየትም ይሰማሉ።

መስከረም ፲፯፣ መስቀል

እማማ ዛሬ አዋረደችን። ሹሙ ደመራውን ሊዞሩ ሲመጡ ከበቅሏቸው እግር ሥር ወደቀች።

«አቤት! የልጄን ገዳይ አውጡልኝ!»

«አንቺ መሰለች፣ ልጅሽን አውሬ ነው የገደላት። ተነሺ።»

«ውኃ ልትቀዳ የወረደች ልጅ የበዓል ቀሚሷን ትለብሳለች? እንስራዋስ የታለ? አውሬው እንስራም ይበላል?»

አባባ «ኀዘን አእምሮዋን ነክቶታል» እያለ ሊያነሣት ሞከረ። እጁን ነከሰችው። ሰዉ ሲጮህ ሹሙ ተጨንቀው «በጥቅምት አውጫጭኝ ይሆናል፤ አገሩ ይሰብሰብ» አሉ። አውጫጭኝ ከተጠራ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ከሜዳው ወደ ቤቱ አይሄድም።

እንስራውን ማንም አላሰበውም ነበር። አንድ ሰው አስቦ አንድ እንስራ ወንዙ ዳር ቢሰብር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መስከረም ፳

ባላምባራስ ቤታችን መጡ። እማማ መቃብር ነበረች። አባባ ውጣ አላለኝም።

«ይህ ልጅ ምን ይላል?»

«ብልህ ነው ጌታዬ። ያየውን ያህል ሳይሆን የሚበቃውን ያህል ነው የሚናገረው።»

«እሱማ ብልህ መሆኑን አይቻለሁ።» ትከሻዬን ያዙኝ፤ እጃቸው ከባድ ነው። «በጳጉሜ የሰጠሁህ ቃል ቃል ነው። ለዘውዱ በዓል ስሄድ በባቡር ይዤህ እሄዳለሁ። ትምህርት ቤቱ እዚያው ከጣቢያው ብዙ አይርቅም። አንተ ብቻ አውጫጭኙ ላይ ሰው አትሁን፣ ወፍ ሁን።»

ወፍ የሚባለው ለሽማግሌዎች በጆሮ ሹክ የሚል ምስክር ነው። ስሙ አይነገርም።

«ማንን ልበል ጌታዬ?»

ባላምባራስ ወደ አባባ ዞረው ሳቁ። «አየህ? ‹ምን ልበል› አላለም።»

መስከረም ፳፩

ትምህርት። ምንም የለም። ባጫ እንደ ሳላ እየጮኸ ተከተለኝ። ሳላ እንደዚያ አይጮህም።

መስከረም ፳፮

እማማ በእንቅልፏ ትናገራለች፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም። እንደ ነበረው ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከአዋሽ ወዲህ አውሬዎች አፈር ሊልሱ የሚመጡበት ሜዳ አለ። ንጋት ነበር። ባላምባራስ፣ አባባና ሎሌዎቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀዋል። የባላምባራስ ገባር ጉተማ የወጥመዱን ገመድ ጫፍ ይዞ ከግንድ ጀርባ ተኝቷል። እኔ ግራር ላይ ነበርኩ። ሸዋወርቅ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መሐል ሜዳ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የአሞሌ ስባሪ አለ። ጨዉ ብራናው ላይ የለም፤ አንድ ሰው የጨመረው ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ባላምባራስ ራሳቸው «ይህ ልጅ ጭንቅላት አለው» ብለዋል።

በዋዜማው ፈርታ ነበር። «ራሱ ይከብዳል?» ብላ ጠየቀች። እንደ ሕፃን ራስ ነው ተባለች። «ቢወጋኝስ?» ስትል ድንግልን አይነካም፣ ተጽፏል ተባለች። «ተጽፏል?» አለች። የተጻፈ ነገር ትወድ ነበር። ማንበብ አትችልም።

መጣ። ጭጋጉ ውስጥ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም አንድ ቀንድ ብቻ ነበረው። ሳላ ይሁን ሌላ ያን ሰዓት የጠየቀ የለም። እየቆመ፣ እየቆመ ቀረበ። ቀሚሷን አሸተተ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጭኗ ላይ አኖረና መላስ ጀመረ። ሸዋወርቅ ወደ ግራሩ ቀና ብላ ሳቀች።

ተረቱ እውነት ነው። ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም። የተጻፈው ሁሉ በቃሉ ሆነ።

ያበላሹት ሰዎቹ ናቸው። ባላምባራስ «በለው!» ብለው ጮኹ። ገመዱ ሲጠብቅ አውሬው ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። ራሱ የነበረው ጭኗ ላይ ነው። ጉተማ ገመዱን አልለቀቀም፤ መዳፉ እስኪላጥ በደረቱ ተጎተተ፤ በመጨረሻ ገመዱ ራሱ ተበጠሰ። አውሬው ቁራጩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሄደ።

ባላምባራስ መጀመሪያ የጠየቁት «በየት ሄደ?» ብለው ነው። አባባ መጀመሪያ የጠየቀው «ማን አየ?» ብሎ ነው። ስሜን እየጠራች ነበር ይላል ጉተማ። እኔ አልሰማሁም። ግራር እሾህ አለው፤ ቶሎ አያስወርድም።

ጥቅምት ፪

የውጭ አገር እንግዶች በባቡር ያልፋሉ። ሐዲዱ አጠገብ የሚኖር ሁሉ ቤቱን በኖራ ይቀባ፣ ጥቁር የለበሰ ደጅ አይታይ፣ ሙሾ ለጊዜው ይቁም የሚል አዋጅ ተነገረ። ቤታችን ሐዲዱ አጠገብ ነው።

ባቡሩ ሲያልፍ እማማ ጮኸች። አባባ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰው። እኔ እጆቿን ያዝኩ። በመስኮት አንድ ፈረንጅ ሴት እጇን አወዛወዘችልን። አባባ ሰላምታ መለሰ።

ጥቅምት ፯

አውጫጭኝ።

አገሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ ላይ ነው። ማንም አይበላም፤ ማንም አይሄድም። ከበባው ውስጥ ያሉ ሴቶች «የማን ልጅ በልቶ የማን ልጅ ይራባል!» እያሉ ያጉረመርማሉ። እማማ መሐል ላይ ድንጋይ ተሸክማ ቆማለች።

ጉተማ ፈልጎኝ መጣ። እጆቹ በጨርቅ እንደ ተጠቀለሉ ናቸው።

«አካም ጂርታ፣ ሙሉ?» ብሎ ደኅንነቴን ጠየቀኝ።

«ፈያ።»

ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። «ደብቀህ ብላ፤ ቀኑ ረጅም ነው። እኔስ ዛሬ ያየሁትን እናገራለሁ፣ አቦ። ጌታዬ ቢሆኑም እናገራለሁ። እኔም ቡዜ የምትባል እኩያዋ ልጅ አለችኝ። አንተም ያየኸውን ተናገር፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ቆሎው ገና አፌ ውስጥ እያለ ተጠራሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ከዛፍ ጀርባ ተቀምጠዋል። ትልቁ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው «በል፣ ልጄ» አሉኝ።

የተናገርኩትን አልጽፍም። ወፍ ያለው አይጻፍም። አንድ ስም ነው። «አውሬ ላሳይሽ ብሎ ሰው ሳያውቅ ወሰዳት» የሚል ሌላ ሰውም ሊኖር ይችል ነበር። ከእኔ በፊት አባባ ገብቶ ነበር። ምናልባት እሱ ቀድሞ ብሎታል። ምናልባት የእኔ ቃል ምንም አልጨመረም።

ጥቅምት ፰

ጉተማን ገበያ ላይ ገረፉት። ባላምባራስን ከሰሰ፤ ያኔ ሰዉ «ውሻ! ጌታውን ይነክሳል!» ብሎ ሳቀበት። እግር ብረት አግብተው የባላምባራስ ግቢ አሰሩት። ሁለት ላሞቹ ለእኛ ለካሳ ተፈረዱ።

እማማ ከሞጆ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራ ቆረሰች። ራሴን ስማ «ወፏ ማን እንደሆነች ባውቅ እግሯን እስም ነበር» አለች።

አባባ «ብይ እንግዲህ» አላት።

ጥቅምት ፲

ላሞቹ ለእማማ አይታለቡም። ቡሬ የምትባለው ረግጣ ጥላታለች። አባባ የጉተማን ልጅ አስጠራ። ቡዜ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትና ማታ እየመጣች ታልባለች።

«የገዳይ ልጅ» አለቻት እማማ፤ «እጅሽን ታጠቢ።»

ቡዜ ታጠበች።

«እንደገና።»

እንደገና ታጠበች። ከዚያ ላሟን በኦሮምኛ እያባበለች ስታልብ እማማ በሩ ላይ ቆማ ቁመቷን ታይ ነበር። ቁመቷ ልክ የሸዋወርቅ ነው።

ጥቅምት ፲፫

የሸዋወርቅ አርባ። የኔታ በልተው «እግዚአብሔር የማይፈርደው የለም» ብለው ተናገሩ። የብራናውን ነገር ማንም አላነሣም። ሁለቴ አየኋቸው፤ ሁለቴም ወደ ጠላው ዞሩ።

ጥቅምት ፲፱

ባላምባራስ ሄዱ። ጣቢያ ድረስ ልብሴን ቋጥሬ ተከተልኩ። ሎሌያቸው «ቦታ የለም» አለኝ። «ቃል ሰጥተውኛል» አልኩት። «ለእኔም በቅሎ ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል፤ ስሄድ ታየኛለህ፣ በእግሬ ነኝ» አለኝ። ባቡሩ ሲነሣ ባላምባራስ በመስኮት አዩኝ፤ አላወቁኝም።

እማማ የቋጠርኩትን ፈትታ አጠፈችው።

ጥቅምት ፳፫

የዘውዱ ቀን። መድፍ የለንም፤ ሰዉ ጠመንጃ ተኮሰ። ባጫ ሰክሮ «ግራዝማች ሳላ ይሙት!» እያለ መንገድ ለመንገድ ዞረ። ሳቅሁ። ከምር ሳቅሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ተኛሁ።

ኅዳር ፪

ባላምባራስ ባላምባራስ እንደሆኑ ተመለሱ። ሌላው የአንበሳ ደቦል አምጥቶ ተሹሟል። እሳቸው አጠገብ የቆመው ሰው «ያንተ አውሬ ሴት ልጅ ገድሎ ጠፋ አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ሰው ፊት አሳቀባቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው።

«አውሬው አለ» አሉ። «ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ እረኞች አይተውታል። ለጥምቀት አቀርበዋለሁ። ያቺ ላም የምታልብላችሁ ልጅ ባል አላወቀችም?»

አባባ «ልጅ ናት ጌታዬ» አለ።

«እንግዲህ ከተቀመጠች አባቷን እፈታለሁ። ንገራት፣ ሙሉአለም። አንተ ማሳመን ታውቅበታለህ፤ እህትህን ያሳመንካት በአንድ ምሽት ነው።»

ለማጥራት ያህል እጽፋለሁ፤ ሰው የሰማውን ተረት መልሶ መናገር ማሳመን አይባልም።

ኅዳር ፫

ስታልብ ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

«ራሴ ለባላምባራስ እመልሳለሁ» አለች።

«እኔ ልንገርልሽ።»

«አንተ ብዙ ነግረሃል።» ወተቱን አነሣች። «ወፏን አባቴ ያውቃታል፣ ሙሉ። ቆሎ አብልቷታል።»

ኅዳር ፬

የባላምባራስ ግቢ ሰው ሞልቶ ነበር። አባባ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። ጉተማ ከማድ ቤቱ ጥግ በእግር ብረቱ ቆሟል። ቡዜ ባዶ እግሯን ገጥማ እጅ ነሣች።

«እቀመጣለሁ፣ ጌታዬ። አባቴን ዛሬ ፍቱት።»

«አውሬው ከተያዘ በኋላ።»

«ዛሬ ይፈታ። እኔ የትም አልሄድም። ደግሞ ሙሉአለም አጠገቤ ይቀመጥ።»

ሎሌዎቹ ሳቁ። ባላምባራስ «እሱ ምን ያደርግልሻል?» አሏት።

«አውሬው ድንግልን አይነካም ብሎኛል። ተጽፏል አለ። እሱም ድንግል ነው፤ የኔታ ቤት ዳዊት የሚደግም ልጅ ነው።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። «ነህ ወይ?» አሉኝ ባላምባራስ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስስብ ሳቁ ጨመረ። የባላምባራስ ሳቅ ከሁሉም በኋላ ቆመ፤ ካቆመ በኋላ ፊታቸው ሌላ ነበር። የኔታን አስጠሩ። የኔታ እኔን ሳያዩ «ድንግልና ለወንድም ለሴትም ነው» አሉ።

«ሁለት ጭን ከአንድ ይሻላል» አሉ ባላምባራስ። «ጉተማን ፍቱት።»

«ጌታዬ፣ እኔ ትምህርት አለብኝ» አልኩ።

ጠጋ አሉኝ። አፋቸው ጠጅ ጠጅ ይሸታል። «እምቢ ካልክ ትምህርቱን እርሳው። ወፏ ማን እንደ ነበረችም ለእናትህ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ወደ አባባ ዞርኩ። የብዕሩን ጫፍ በጣቱ ይጠርግ ነበር።

እሺ አልኩ። እማማ እንዳትሰማ ብዬ ነው። ልቧ አይችልም።

ኅዳር ፭

ቡዜ ማታ ካለበች በኋላ አልወጣችም። እማማም በረት ገባች። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ ስለ ላሞቹ ይሆናል። ሲወጡ እማማ የቡዜን እጅ ይዛ ነበር። ታጠቢ አላለቻትም።

እራት አቀረበችልኝ። ስበላ አላየችኝም። ከዚያ ነጭ ልብሴን አጠበችና እሳቱ አጠገብ ሰቀለችው። ነጭ እንደሚለበስ ማን ነገራት?

አውሬው ካልጮኹበት አይነካም። ባላምባራስን አደራ እንዳይጮኹ ልበላቸው። አውሬው የሚፈራው ጩኸት ነው። ይህን አይቻለሁ።

ኅዳር ፮፣ ንጋት

በቅሎዎቹ ደጅ ቆመዋል። ቡዜ ደፉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጉተማ እያነከሰ አብሯት መጥቷል፤ በሩን ተደግፏል። አባባ ከሌሊቱ ጀምሮ ባላምባራስ ዘንድ ነው፤ የሚጽፈው አለው አሉ።

ልብሴ ደርቋል። እማማ መደቡ ላይ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

«እማማ» አልኳት፤ «አሞኛል በይልኝ።»

መጣች። እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች፤ ብዙ አቆየችው።

«ትኩሳት የለህም» አለች።